ሲፈራ ነው የሚረሳው

ጋሽ ሀሰኖ አያቴን የሚያሰቃዩት ከሰዓት በኋላ ነበር። እኔ የማምነው እንደዚያ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱንም በጋሽ ሀሰኖ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ የቆርቆሮው ጥላ ሥር አገኛቸዋለሁ። ጋሽ ሀሰኖ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ አያቴ አጵሎስ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጧል። ጋሽ ሀሰኖ ሌባ ጣታቸውን ያነሱና በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ይጠይቁታል። አያቴ አንገቱን ይደፋል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ጋሽ ሀሰኖ ራሳቸውን ነቅንቀው ያንኑ መልሰው ይጠይቃሉ። አንዳንድ ቀን አያቴ ድንገት ቀና ብሎ ይመልስና ጭኑን በመዳፉ ቸብ ያደርጋል። አንዳንድ ቀን ግን አይመልስም። አንድ ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት፤ ዘይት ሊገዙ የቆሙ ሴቶች እያዩት፣ እንባው ጺሙ ውስጥ ሲገባ።

ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። የሒሳብ አስተማሪያችን ማስመሪያ ይዘው በየዴስኩ እየዞሩ የማባዛት ሰንጠረዥ ሲጠይቁን፣ ቤት ውስጥ አጥርቼ የማውቀው ሁሉ ብን ብሎ ይጠፋብኝ ነበር። ስለዚህ የአያቴን ነገር ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገኝም። አያቴ ይረሳል። የሚረሳው ስለሚፈራ ነው። የሚፈራው ደግሞ ጋሽ ሀሰኖን ነው።

የምንኖረው ሰበታ ነበር፤ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ፣ ኦቦ ኢቲቻ ግቢ ውስጥ። ኦቦ ኢቲቻ ድሮ ገበሬ ነበሩ። ማሳቸው ለፋብሪካ ከተወሰደ በኋላ በተረፈቻቸው ቁራጭ መሬት ላይ የጭቃ ክፍሎች በተርታ ሠርተው ለፋብሪካው ሠራተኞች ያከራያሉ። እናቴ ተስፋነሽ ከተከራዮቹ አንዷ ነበረች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ቤት ስትገባ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንደ ሽበት ተለጥፎ ነው። አባቴ ለግንባታ ሥራ ወደ ሩቅ እንደሄደ ቀርቷል፤ መልኩንም አላስታውሰው።

አያቴ እኛ ዘንድ የመጣው ሚስቱ ጌዲ ከሞተች በኋላ ነው። ከሆሳዕና ወዲያ ባለች መንደር የእንሰት ማሳና ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ልጆቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄዱ ማሳው ለመንገዳቸው ተሸጠ። አንዱ ከደረሰ በኋላ ድምፁ ጠፋ፤ ሌላው የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። በአገሩ አያቴ የመዝሙር መሪ ነበር፤ ጎረቤት ሲጣላም «አጵሎስ ይምጣ» ይባል ነበር አሉ። ሰበታ ላይ ግን ማንም «አጵሎስ ይምጣ» አላለም። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛ ጭራሽ አያውቅም። እናቴ ከፈረቃ ስትመለስ ለመናገር ቀርቶ ለመብላትም አቅም የላትም። እኔም ሀዲይኛ አልችልም፤ እናቴ «አንደበትሽ እንዳይተሳሰር» ብላ አላስተማረችኝም።

ሀዲይኛ የሚችሉት ጋሽ ሀሰኖ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ስልጤ ናቸው፤ ያደጉት ግን ሆሳዕና ገበያ ውስጥ፣ ከአባታቸው ጋር አሞሌ ጨው ሲሸጡ ነው። አያቴ እንደመጣ ሰሞን ላምባ ሊገዛ ሄዶ በተሰባበረ አማርኛ ሲጨነቅ ሰምተው በገዛ ቋንቋው መለሱለት። ከዚያች ቀን ወዲህ አያቴን ከዚያ ደጃፍ የሚነቅለው የለም። አጵሎስ የእሁዱን መዝሙር ያንጎራጉራል፣ ጋሽ ሀሰኖ ሶላታቸው ሲደርስ ተነስተው ጓዳ ይገባሉ፤ ሲወጡ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

አያቴ ቤት ውስጥ ነገር ያምታታ ነበር። ጫማውን ከምድጃው ሥር ይከታል፤ አሁን በልቶ «ምሳ የለም ወይ?» ይላል። ግን ከሱቁ ሲመለስ ለየት ይላል። «ኤዶም፣ ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብሎ በስሜ ይጠራኛል። እኔ ግን ከሚያሰቃዩት ሰው ስለተገላገለ ደስ ብሎት ነው ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ቧንቧው ጋ ልብስ እያጠበች ለኦቦ ኢቲቻ ባለቤት፣ «አባቴን ያቆመው እኮ ያ ሱቅ ነው» ስትል ሰማኋት። ሴትየዋም «ዹጋ፣ ዹጋ» አሉ፤ እውነትሽን ነው ማለታቸው ነው። እናቴም ታውቃለች ማለት ነው! አያቴን ያቆመው፣ ጎማው ሥር ድንጋይ እንደተደረገበት አይሱዙ መሄድ የከለከለው ያ ሱቅ ነው። ለምን ዝም እንደምትል ግን አልገባኝም። እናቴ በእግሩ ያቆመው፣ እንዳይወድቅ ደግፎ የያዘው ማለቷ እንደነበር የገባኝ ደግፎ የሚይዘው ከጠፋ በኋላ ነው።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ትልልቆቹ ሁሉ ስለ ማስተር ፕላን ያወራሉ። እኔ ማስተር ፕላን ሰው መስሎኝ ነበር። «ማስተር ፕላን መጥቶ መሬታችንን ሊወስድ ነው» ይላሉ፤ «ማስተር ፕላንን አናስገባም» ይላሉ። አዲስ አበባ የሚኖር ወፍራም ሰውዬ አድርጌ ሳልኩት። ኦቦ ኢቲቻ አጥሩ ጋ ቆመው የፋብሪካውን ግንብ እያዩ «የቀረኝ ይቺ ናት» ሲሉ፣ ሰውዬው ክፍላችንን ተሸክሞ ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

ሱቆች አንድ ቀን ይዘጋሉ፣ አንድ ቀን በግማሽ ይከፈታሉ። ጋሽ ሀሰኖ መዝጊያውን እስከ ወገባቸው ዝቅ አድርገው ከውስጥ ይሸጣሉ። አያቴም አጎንብሶ ይገባና ጨለማው ውስጥ፣ በሳሙናና በላምባ ሽታ መሃል ተቀምጠው ያው ጥያቄ ይቀጥላል። ከውጭ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ ጥያቄ፣ ዝምታ፣ ጥያቄ።

የጋሽ ሀሰኖ ልጅ አክመል ክረምቱ ሳይገባ ከሱሉልታ መጣ። እዚያ ቤት ሠርቷል፤ ንግዱም ሰፍቷል። «አባ፣ ሱቁ አንድ ቀን ቢቃጠል አንቱን ከየት አመጣለሁ?» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሀሰኖ ብዙ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። አክመል ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። ጋሽ ሀሰኖ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጫፍ ሸፈኑ።

እኔ ደስ አለኝ። አሁን አያቴ ተገላገለ፤ ከእንግዲህ ሁሉንም ያስታውሳል አልኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አያቴ ሄዶ በተዘጋው ሱቅ ደጃፍ ተቀመጠ። ሳጥኑም ተጭኖ ሄዷልና ድንጋዩ ላይ ነው የተቀመጠው። ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ ያዳምጣል፣ ያንኳኳል። ቤት መልሼ ሳመጣው ነገ ይሄዳል። ሳምንቱ አልፎ ወሩ ሲገባ ማንኳኳቱን ተወው፣ መቀመጡን ግን አልተወም። እኔ የሚድንበትን ቀን እጠብቃለሁ፤ እሱ ግን ያቺኑ የገበያ አማርኛውን አንድ በአንድ መጣል ጀመረ። መጀመሪያ «ምሳ» ጠፋችበት፤ «ያ… የሚበላው» አለ። ከዚያ የእኔ ስም ጠፋ። «ጌዲ» ብሎ ይጠራኝ ጀመር። የሚስቱ ስም መሆኑን እናቴ ስትነግረኝ፣ እንግዲህ ሰው ማስታወስ ጀምሯል ብዬ እንደገና ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ጎማ እየተቃጠለ ነበር፤ ጭሱ ጉሮሮ ይቧጥጣል። እናቴ ፋብሪካ ናት። እኔ ውኃ ልቀዳ ዞር ባልኩበት አያቴ ወጥቶ ሄዷል። ስደርስ አስፋልቱ ላይ፣ በወጣቶቹ መሃል ቆሟል። አንዱ ክንዱን ይዞ «ጃርሲ ኩን ኤኙ?» ይላል፤ ይህ ሽማግሌ ማነው እያለ። አያቴ በሀዲይኛ ይመልሳል። ማንም አይሰማውም። «ከየት ነው የመጣው? ማን ላከው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ሰዉ እየጠበበበት ሄደ። ከወዲያ ማዶ የፖሊስ መኪኖች ይታያሉ።

ያን ጊዜ ኦቦ ኢቲቻ ዱላቸውን ይዘው፣ በዚያ እርጅናቸው እየሮጡ ደረሱ። «ዺሳ! ኩን ኣባኮቲ!» ብለው ጮኹ፤ ተዉት፣ አባቴ ነው ብለው። በዕድሜ አያቴ ቢበልጣቸው በጥቂት ነው፤ ግን ማንም አልሳቀም። ወጣቶቹ ገለል አሉ። ኦቦ ኢቲቻ አያቴን እንደ ሕፃን እጁን ይዘው ግቢ አስገቡት። እየሄዱም በኦሮምኛ ያወሩለታል፣ አያቴ በሀዲይኛ ይመልስላቸዋል፤ ሁለቱም የሚግባቡ ይመስሉ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ኦቦ ኢቲቻ ጠፉ። ባለቤታቸው ለእኛ ለልጆች «ገጠር ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል» አሉን። ለምን ሌሊቱን ሙሉ እንደሚያለቅሱ አልጠየቅኩም፤ ናፍቀዋቸው ነው ብዬ። ታስረው ነበር። ሲመለሱ እኛ ግቢው ውስጥ አልነበርንም።

መስከረም ላይ ፋብሪካው ተቃጠለ። እናቴ ያን ቀን ባዶ እግሯን፣ ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር ጥላ ገባች። ብርድ ልብሱን ተከናንባ ተኛችና ግድግዳውን ስታይ ዋለች። ሰበታ ሥራ አልነበረም። የእናቴ የቤተ ክርስቲያን እህት ቡራዩ ውስጥ ብሎኬት ማምረቻ ሥራ አገኘችላትና ዕቃችንን ጠቅልለን ሄድን። ሰበታ እያለን የግቢው ሴቶች ለአያቴ ውኃ ያቀብሉት፣ በር ላይ ሲያዩት «አባ፣ ግቡ» ይሉት ነበር። ዕድርም ነበረን። ቡራዩ ግን ሁሉም አዲስ ገቢ ነው፤ ጠዋት ሚኒባስ ላይ ይጋፋል፣ ማታ በሩን ይዘጋል።

እናቴ ጠዋት ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍ ነበር። ሌባ ስላለ ነው ትለኛለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ስከፍት አያቴ ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ጠዋት እንደተውነው ተቀምጧል። ከመስኮቱ የሚታየው የጎረቤት ብሎኬት ግድግዳ ብቻ ነው። የሚቆለፈው በሌባ ሳይሆን በእሱ ምክንያት መሆኑን፣ እናቴም በየጠዋቱ ቁልፉን ስታዞር አፏን ይዛ እንደምትሄድ ኋላ ነገረችኝ። «ሥራ ብተው ምን አበላዋለሁ? ብቆይ ማን ይከፍለኛል?» አለችኝ፤ እኔ ምንም ሳልጠይቃት።

ዛሬ ነርስነት እየተማርኩ ነው። ኮሌጅ ውስጥ አንዲት አስተማሪያችን ስለ ሽማግሌዎች መርሳት ሲያስተምሩ፣ «ሁሉም እኩል አይረሳም» አሉ። «ኑሮው የተደላደለ፣ ሰው የከበበው፣ የሚያናግረው ያለው በሽታው ቢጀምረውም ቶሎ አይጥለውም። ድሃውና ብቸኛው ግን ምሶሶው እንደተነቀለ ቤት ነው።» ሌሎቹ ይጽፉ ነበር። እኔ መጻፍ አቃተኝ።

ቡራዩ በገባን ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ እናቴ ጉልበቷን አሰባስባ «ጋሽ ሀሰኖ ዘንድ እንውሰደው» አለች። ልታመም ደረስኩ። ለምንድነው ወደሚያስፈራራው ሰው የምንወስደው? እሷ ግን ጺሙን ላጨችው፣ ኮቱን ቦረሸችለት። ሚኒባስ እየቀያየርን፣ በየፍተሻው እየወረድን እንጦጦን አልፈን ሱሉልታ ገባን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

የአክመል ግቢ ሰፊ ነው። ልጆች ይሯሯጣሉ። ጋሽ ሀሰኖ በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠው ነበር፤ አያቴን በዕድሜ ብዙ እንደሚበልጡት ያኔ ነው ያወቅኩት። አንዱ ነጋዴ ዳኝነት ፈልጎ በስልክ ያናግራቸዋል፣ የልጅ ልጃቸው ሉብና ጉልበታቸው ላይ ሆና ስለ ድሮ ሆሳዕና ትጠይቃቸዋለች፣ የልጃቸው ሚስት ሰብሪያ «አባ፣ መድኃኒትዎ» ትላለች። ለሁሉም መልስ አላቸው።

እኛን ሲያዩ ስልኩን ጣሉት። «አጵሎስ!» ብለው ተነስተው አቀፉት፤ የሀዲይኛ ሰላምታ አዥጎደጎዱለት። አያቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ቀበሌ ጉዳይ እንዳለው ሰው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ሀሰኖ ክንዳቸው ወረደ።

«ምን አለ?» ብዬ እናቴን በሹክሹክታ ጠየቅኳት።

«ጌታው፣ የአጵሎስ ቤት በየት በኩል ነው አላቸው» አለች።

ጋሽ ሀሰኖ አስቀመጡት። አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን አነሱና ያንን የድሮውን ጥያቄ ጠየቁት። አያቴ አንገቱን ደፋ። ከንፈሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ደግመው ጠየቁት።

«አይጠይቁት!» አልኩ፤ ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ሲፈራ ነው የሚረሳው!»

እናቴ ልትቆነጥጠኝ እጇን ዘረጋች። ጋሽ ሀሰኖ ግን ከለከሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ «ነይ እስቲ» አሉኝ።

«እኔ አላስፈራራውም፣ ልጄ። እሱ ራሱ ነው ያዘዘኝ። ሰበታ እንደመጣ ሰሞን፣ ‹ሀሰኖ፣ ነገር እየወደቀብኝ ነው፤ እዚህ የኔን ሰዎች የሚያውቅ የለም፣ አንተ ያዝልኝ› አለኝ። የእናቱን ስም፣ የመንደሩን ወንዝ፣ የልጆቹን፣ የመዝሙሩን መጀመሪያ ነገረኝ። ‹በየቀኑ ጠይቀኝ። ብለምንህም አትተወኝ› ብሎ አስማለኝ።»

«ያለቀሰ ቀንስ?»

«የጌዲ ስም የጠፋበት ቀን ነው» አሉና ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ምሳ ቀረበ። አያቴን እናቴ አጎረሰችው። ልንነሳ ስንል ጋሽ ሀሰኖ፣ «ተስፋነሽ፣ እዚሁ ተዪው። ከእኔ ጋር ይሁን። ጠዋትም ማታም አናግረዋለሁ፤ ሰው መሃል ይዋል» አሉ።

ሰብሪያ አክመልን አየችው። አክመል ጥሩ ሰው ነው፤ ቃሉን ሲያወጣ ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። «አባ፣ ጊዜውን ያውቁታል። ኮማንድ ፖስት ነው፣ በየቤቱ ፍተሻ ነው። ወጥቶ ቢጠፋብን፣ አንድ ነገር ቢሆን ምን ብለን እንመልሳለን? አንቱም እኮ ሰው የሚያነሳዎት ነዎት።»

እናቴ ቶሎ ብድግ አለች። «አይ፣ አይ፣ አይሆንም! እኛስ ሳናየው እንዴት እናድራለን?» አለች፤ እየሳቀች ነበር። የተዘረጋ እጅ ሲመለስ ላለማየት የምትስቀውን ሳቅ።

ጋሽ ሀሰኖ እስከ አስፋልቱ ሸኙን፤ ምርኩዛቸውን ትተው አያቴን ደግፈው። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ የመንደሩን ወንዝ ስም ጮኸው ነገሩት። አያቴ ከፊቱ ያለውን ወንበር ጨርቅ ይላጥ ነበር።

ሲመለስ ሙሉ በሙሉ ዝም አለ። ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ቀን በስምንት ሰዓት ገደማ በሩን ስከፍት በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። ሮጬ ብሎኬት ማምረቻው ድረስ ሄድኩ። እናቴ የያዘችውን ብሎኬት ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፤ እንዳይሰበር።

ቡራዩ ዕድር አልገባንም ነበር። ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኑን የተሸከሙት የማናውቃቸው የመንደር ሰዎችና የማምረቻው ሠራተኞች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የሟቹን ስም ከእኛ ጠይቀው ነው የሰሙት። መቃብሩ ጋ ወንጌላዊው «የአባታችንን የሕይወት ታሪክ የሚናገርልን?» አሉ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ ወደ ፊት ወጣች። «አባቴ…» አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማውጣት አቃታት፤ ተደግፋ ተመለሰች። ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ወንጌላዊው ትንሽ ጠበቁና፣ «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው አፈር እንዲመለስ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ጋሽ ሀሰኖ የሰሙት ከወር በላይ ቆይቶ ነው። አንድ ጠዋት ደወሉ። ጆሯቸው ስለከበደ ይጮሃሉና ድምፃቸው እኔም ጋ ይሰማል። አለቀሱ፤ ለምን አልነገርሽኝም ብለው ተቆጡ። እናቴ መንገዱ ፍተሻ ስለሆነ ነው፣ አዛውንት ማንከራተት ከብዶኝ ነው አለች።

«ታሪኩን ማን ተናገረለት?» አሉ። «የእናቱን ስም፣ የጌዲን፣ የልጆቹን፣ የመንደሩን፣ ማን ተናገረለት?»

እናቴ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችና ግድግዳውን አየች። ከዚያ መለሰችው።

«ተናግረውለታል፣ ጋሽ ሀሰኖ። ሁሉንም ተናግረውለታል። ብዙ ሰው ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሀሰኖ። «አልሐምዱሊላህ።»

እናቴ ስልኩን ዘጋች፤ ሽርጧን አሰረችና ወደ ሥራዋ ወጣች።